ተርሙ ሲያልቅ ልጁ ምን ይዞ ይወጣል?

የተርሙ የመጨረሻ ሳምንታት ሲደርሱ ትምህርት ቤት መልኩ ይቀየራል። ጠዋት ፈተና ነው፣ ከሰዓት የመዝጊያ ዝግጅት ልምምድ። ግድግዳ ላይ የከረሙት ሥዕሎች ይነቀላሉ። ከዴስክ ሥር ክዳን የሌለው እስክሪብቶ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ሹራብ፣ «ጠፋብኝ» ተብሎ የተለቀሰለት ደብተር ይወጣል። መምህራን የወረቀት ቁልል ታቅፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ልጆቹ በአካል ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ልባቸው ግን ከወጣ ቆይቷል።

ከዚያ ሪፖርት ካርዱ ይመጣል። ወላጅ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ደረጃው ላይ ነው። ቀጥሎ አማካዩን ያያል። ቀጥሎ ቀና ብሎ ልጁን ያያል። በዚያች ቅጽበት ልጁ የአባቱን ወይም የእናቱን ፊት እንዴት እንደሚያነብ ያየ ሰው ያውቀዋል።

አንዲት ወረቀት ስንቱን ቤት ታስፈነድቃለች፣ ስንቱን ታኮራርፋለች። ስለዚህ ምን እንደምትናገርና ምን እንደማትናገር ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ካርዱ የሚነግረን ልጁ በፈተናው ሰሞን ምን መሥራት እንደቻለ ነው። ከተማረው ውስጥ የቀረለት ምን እንደሆነ የሚታወቀው ቆይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም እረፍቱ ካለፈ በኋላ። ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። እዚህ የማወራው በተለይ ከ7 እስከ 11 ዓመት ስላሉ ልጆች ነው። ፈተናና ደረጃ የሚባለውን ነገር ገና እየተዋወቁት ያሉት እነሱ ናቸውና።

ለፈተና የገባ፣ ከፈተና የወጣ

ስለ ማስታወስ የሚያጠኑ ሳይኮሎጂስቶች ይህን ልዩነት አጥብቀው ይይዙታል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ሮበርት ብጆርክ ለአሥርት ዓመታት የሠራው በዚሁ ላይ ነው። ዛሬ መልሱን መስጠት መቻል አንድ ነገር ነው፣ ነገሩ በአእምሮ ውስጥ ሥር መስደዱ ሌላ።

ነገሩን በቁጥር የሚያሳይ አንድ ታዋቂ ሙከራ አለ። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስጠኑ። በአንደኛው መንገድ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው። በሁለተኛው አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱ ይወሰድና የሚያስታውሱትን በባዶ ገጽ ላይ ይጽፋሉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግሞ ማንበብ 54፣ ሳያዩ መጻፍ 68። ከሳምንት በኋላ 42 ለ56 ሆነ።

ቁጥሮቹን ረጋ ብላችሁ እዩዋቸው። ሽምደዳ አይሠራም የሚል ሰው ተሳስቷል። ሽምደዳ ይሠራል፤ በደንብ ይሠራል፤ ለአምስት ደቂቃ። ፈተናው ነገ ጠዋት ከሆነ ማታ ደጋግሞ ማንበቡ ጥሩ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ልጆችም ይህን ደርሰውበታል፣ ሞኝ አይደሉም። ችግሩ የሚመጣው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ መንገድ የገባው ነገር በገባበት ፍጥነት ይወጣል፣ ካርዱ ላይ ግን 92 ተብሎ ተጽፎ ይቀራል።

ደጋግሞ ማንበብ ሌላም ጣጣ አለው። ልጁን ራሱን ያታልላል። ገጹን ለአራተኛ ጊዜ ሲያየው ፊደሉም፣ ሥዕሉም፣ ርዕሱም ለዓይኑ ለምዷል። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ይላል፤ ሲልም ከልቡ ነው። መጽሐፉን ዝጉትና «እስቲ ውኃ ሲተን ምን እንደሚሆን በራስህ ቃል ንገረኝ» በሉት። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፣ ወይም የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ጀምሮ መሀል ላይ ይቆማል። ያ ዝምታ ስንፍና አይደለም። ፊቱ ያለውን ነገር መለየትና ፊቱ የሌለውን ከአእምሮ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ልጁ ደግሞ የተለማመደው አንደኛውን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ቤት ውስጥ «አጥንተሃል?» ብሎ መጠየቅ ብዙም የማይጠቅመው። መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው፣ ውሸትም የለበትም። «ደብተሩን ዝጋና አስተምረኝ» ማለት ግን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ልጁ ምን እንደያዘ ያሳያል፣ በዚያው ደግሞ የያዘውን ያጠብቅለታል።

ያው ነጥብ፣ ሁለት ልጅ

አሁን ወደ ነጥቡ እንምጣ። ሁለት ልጆች በሂሳብ የመቀነስ ፈተና ከ10 እኩል 6 አመጡ እንበል። ካርዱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ወረቀታቸውን ስናይ ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል።

የመጀመሪያው ልጅ የተሳሳተባቸውን አራት ጥያቄዎች ተመልከቱ። 52 ሲቀነስ 38፣ መልሱ 26። 71 ሲቀነስ 45፣ መልሱ 34። 63 ሲቀነስ 27፣ መልሱ 44። አራተኛውም እንደዚሁ። በቀይ እስክሪብቶ ሁሉም ላይ ኤክስ ተደርጓል። ልጁ ግን ዝም ብሎ አልገመተም። ለራሱ ሕግ አውጥቷል፦ በእያንዳንዱ ቤት ከትልቁ ቁጥር ላይ ትንሹን ቀንስ። 52 እና 38 ላይ ከ8 ላይ 2 ቀነሰ፣ 6 አለ። ከ5 ላይ 3 ቀነሰ፣ 2 አለ። 26። ከአሥር ቤት መበደር የሚባለው ነገር አልገባውም እንጂ ሕጉን አንዴም አልጣሰም። መበደር የማይጠይቁትን ስድስቱን ጥያቄዎች ሁሉንም መልሷል።

ሁለተኛው ልጅ አራቱን የሳተው እዚህም እዚያም ነው። አንዱን ዘሎታል። አንዱ ላይ የመቀነስን ምልክት መደመር ብሎ አንብቧል። አንዱን ትክክል ሠርቶ ሲገለብጥ ተሳስቷል። የመጨረሻው ላይ ደወል ተደውሎበታል።

ለመጀመሪያው ልጅ አንድ ጥሩ ከሰዓት ይበቃዋል። ቁጥሩን በአሥር በአሥር የታሰሩ እንጨቶች አድርጎ የሚያሳየው፣ አንዱን እስር ፈትቶ ለአንድ ቤት የሚያበድርለት ሰው ነው የሚያስፈልገው። ሌላ ሃምሳ ጥያቄ እንዲሠራ ቢሰጠው ስህተቱን ሃምሳ ጊዜ ይለማመደዋል። ሁለተኛው ልጅ ደግሞ መበደርን እንደገና ቢያስተምሩት ይሰለቻል። ረጋ ማለትና ሠርቶ መለስ ብሎ ማየት ነው የጎደለው።

ይህ ዓይነቱ ሕግ ያለው ስህተት በጥናት የታወቀ ነው። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን በ1978 ልጆች በመቀነስ ላይ የሚሠሯቸውን እንዲህ ያሉ የተሳሳቱ አሠራሮች ሰብስበው ዘርዝረዋል፤ የላይኛው የልጃችን አሠራር በጣም ከሚዘወተሩት አንዱ ነው። ስለዚህ ተርሙ ሲያልቅ ከካርዱ ይልቅ ታርሞ የተመለሰው ወረቀት ይበልጥ ይናገራል ብል ማጋነን አይሆንም። ያሳዝናል፣ ብዙ ቤት ግን ካርዱ በፕላስቲክ ይቀመጣል፣ ወረቀቱ ይጣላል።

በነገራችን ላይ መምህሩ ይህን ሁሉ ለምን አልነገረንም ብሎ ከመቆጣት በፊት ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። 40 ልጅ ያለበት ክፍል ነው፣ አንድ መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ወረቀት ያርማል እንበል። 200 ወረቀት ነው። ለአንዱ ስድስት ደቂቃ ቢሰጠው 20 ሰዓት ይሆናል። ያውም ውጤት ሳይሞላ፣ አስተያየት ሳይጻፍ፣ የመዝጊያው ድራማ ልምምድ ላይ ሳይገኝ። እያንዳንዱን ስህተት ተከታትሎ ሰበቡን መጻፍ ቢፈልግም ጊዜ የለውም። ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት ይዞ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ግን አሥር ደቂቃ አያጣም።

ስለ ደረጃ

ደረጃ ብዙ ወላጅ እንደሚያስበው ጠንካራ ቁጥር አይደለም። ምሳሌ ላምጣ። አንዲት ተማሪ አሥር ትምህርት ትማራለች፣ አማካይዋ 84.3 ነው፣ 11ኛ ወጣች። ከፊቷ ያሉት ሦስት ልጆች 84.5፣ 84.6 እና 84.7 አላቸው። ከኋላዋ ያሉት ደግሞ 84.2፣ 84.0 እና 83.9። በአንድ ትምህርት ብቻ ባለ አምስት ነጥብ ጥያቄ ብታገኝ ኖሮ አማካይዋ በ0.5 ያድግና 84.8 ይሆናል። 8ኛ ወጣች ማለት ነው። ያንኑ ያህል ብትስት 83.8 ይሆንና 14ኛ ትወጣለች። በ8ኛና በ14ኛ መካከል ያለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወደዚህ ወይም ወደዚያ።

ቤት ውስጥ ግን «ስምንተኛ» እና «አሥራ አራተኛ» የሚሰሙት እንደ ሁለት የተለያዩ ልጆች ነው። አንዷ ትሞገሳለች፣ ሌላዋ «ባለፈው ስምንተኛ ነበርሽ፣ ምን ነካሽ?» ትባላለች። ምንም አልነካትም። ማንኛውም ፈተና ልክ እንደ ተራ ሚዛን ጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች ይዋዥቃል። የተጠየቀው ጥያቄ፣ የዚያን ቀን እንቅልፍ፣ ራስ ምታት፣ አርሞ የደከመ ዓይን፣ ሁሉም የየራሳቸውን ነጥብ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። መሀል አካባቢ ደግሞ ልጆች ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ትንሽ መዋዠቅ ብዙ ደረጃ ያዘልላል። ዳር ላይ ያሉት፣ በጣም ከፍተኛውና በጣም ዝቅተኛው፣ ብዙም አይንቀሳቀሱም።

ከዚህ የሚመጣ ሌላ ስህተት አለ። ልጁ በአንድ ተርም ከወትሮው በጣም ከፍ ቢል፣ በሚቀጥለው ወደ ተለመደው ቦታው መለስ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ዕድልም አግዞት ነበርና። በጣም ዝቅ ያለም እንደዚሁ ወደ ላይ መለስ ይላል። ወላጁ ግን ሲወርድ ተቆጥቶት ስለነበር፣ ሲወጣ ደግሞ አሞግሶት ስለነበር፣ «ቁጣ ይሠራል፣ ሙገሳ ያበላሻል» ብሎ ይደመድማል። ቁጣው ምንም አልሠራም። ቁጥሩ በራሱ ነው የተመለሰው።

የልደት ወርም ደረጃ ላይ ድርሻ አለው። አንድ ክፍል ውስጥ ትልቁና ትንሹ ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ይለያያሉ። ለስምንት ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜውን አንድ ስምንተኛ ያህላል። ኬሊ ቤዳርድና ኤልዛቤት ዱዌ በ2006 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ አይተው፣ በአራተኛ ክፍል በዕድሜ ትንሾቹ ከትልልቆቹ ከመቶ ሰው ሰልፍ ከ4 እስከ 12 ቦታ ዝቅ ብለው አገኙ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ በክፍሉ ትንሹ የሆነ ልጅ መሀል ላይ ከወጣ፣ ያ መሀል ከሌላው ልጅ መሀል ጋር እኩል አይደለም።

ታዲያ ደረጃ የሚባል ነገር ይቅር? እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ ዕድሜ ቢቀር አይጎዳም ባይ ነኝ። ካልቀረ ግን ቢያንስ ወላጅ በአንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ አይናደድ፣ አይፎክር። መታየት ያለበት ልጁ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ባለፈው ተርም አንቀጽ መጻፍ ያቃተው አሁን ይጽፋል? የማባዣ ሰንጠረዡ ላይ ሰባት ቤት ደርሷል ወይስ ገና አራት ቤት ነው?

ከቁጥሩ ሥር ያለው መስመር

ካርዱ ታች ላይ የመምህር አስተያየት የሚባል መስመር አለ። «መልካም ልጅ ነው፣ በርታ» ይላል፤ ወይም «ከዚህ የተሻለ መሥራት ትችላለች»። ማንም ላይ ቢጻፍ የሚሆን ነገር ነው። ሆኖም ትክክለኛ አስተያየት ሲሆን ከቁጥሩ የበለጠ ኃይል አለው። ሩት በትለር በ1988 በእስራኤል የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ባደረገችው ጥናት አንዳንዶቹ ነጥብ ብቻ፣ አንዳንዶቹ አስተያየት ብቻ፣ የተቀሩት ነጥብና አስተያየት አንድ ላይ ተሰጣቸው። ሥራቸውም ፍላጎታቸውም የተሻለው አስተያየት ብቻ ያገኙት ነበሩ። የሚገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው። አስተያየቱ ተጽፎላቸው እንኳ አስተያየት ብቻ እንዳገኙት ሳይጠቀሙበት ቀሩ። ነጥቡ ካለ ዓይን እሱ ላይ ይቀራል።

ከዚህ በመነሳት አንድ ቀላል ነገር መሞከር ይቻላል። ካርዱ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ወረቀቶቹን እዩ፣ ካርዱን በማግስቱ። ከመምህሩ ወይም ከመምህሯ ጋር በምትገናኙበት ቀን ደግሞ «ልጄ እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ «አሁን ብቻውን የሚሠራው፣ ሰው ሲያግዘው ብቻ የሚሠራው ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ወሬ ያበዛል» የሚል መልስ ያመጣል። ሁለተኛው መምህሩን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ የሚመጣውም መልስ ለእረፍቱ ሥራ ይሆናል።

ከፈተና በኋላ ያሉት ቀናት

ፈተናው አልቆ ትምህርት ቤቱ ገና አልተዘጋም። ይህ ጊዜ በወላጅ ዘንድ ስም የለውም። «ዝም ብለው ነው የሚውሉት» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ፊልም እያዩ መዋል ለማንም አይረባም፤ ይህን ስል መምህሩ እስከዚያ ድረስ ውጤት እየሞላ መሆኑን አልረሳሁም።

ሌላው ግማሽ ግን ትምህርት ነው፤ ስሙን ስላልያዘ ነው የማይታወቀው። ለመዝጊያው ድራማ አሥር መስመር የተሰጣት ልጅ መስመሯን ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሳታይ ትለዋለች። ትረሳለች፣ ጓደኛዋ ትጀምርላታለች፣ ታስታውሳለች። ያ ቅድም ያየነው ሳያዩ ማስታወስ ነው፣ ቀን እየለየ የተደጋገመ። ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለሚያልፈው ሁሉ «ይሄ እሳተ ገሞራ ነው፣ እንዲህ ነው የሚፈነዳው» እያለ የሚያስረዳ ልጅ ያንኑ ነገር ሃያ ጊዜ በራሱ ቃል ተናግሯል። ከሽምደዳ ሌሊት የትኛው ይቀራል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለእሳተ ገሞራው እመሰክራለሁ።

በዚህ ሰሞን ልጆች ይነጫነጫሉም። ፕሮግራሙ ተበጥብጧል፣ ደክሟቸዋል፣ የለመዷትን ሚስ ሊለዩ ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ እረፍቱን አይወደውም። ጓደኛ ያለው፣ ምሳ የሚበላው፣ የሚሰማው ሰው የሚያገኘው ትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ ለእሱ መዘጋቱ ደስታ አይደለም። ያለ ምክንያት መጣላት የጀመረ ልጅ ካያችሁ ይህንንም አስቡበት።

በእረፍቱ ምን ይጠፋል?

«ሁለት ወር ሙሉ ተጫውቶ የተማረውን ሁሉ ረሳ» የሚለው ሮሮ የቆየ ነው። ጥናቱም ብዙ ነው። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 እስከዚያ የተሠሩትን የአሜሪካ ጥናቶች ሰብስበው አይተው ነበር። ልጆች በረጅሙ እረፍት በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ይመለሳሉ አሉ። ከንባብ ይልቅ ሂሳብ ይጎዳል፤ በተለይ ስሌት። የቃላት አጻጻፍም እንደዚሁ። ይህ ቢታሰብ አይገርምም። ንባብ ከትምህርት ቤት ውጭም ያጋጥማል፤ ማስታወቂያው፣ ስልኩ፣ የጨዋታው መመሪያ ሁሉ ይነበባል። ሦስት መቶ አርባ ሁለትን ለስድስት አካፍል የሚል ሰው ግን መንገድ ላይ አይገኝም።

ቁጥሩን ግን እንደ ቃል ኪዳን አትያዙት። በኋላ ፖል ቮን ሂፕልና ሌሎች መረጃውን እንደገና ሲያዩት ቀዳዳ አገኙበት። በ1982 ባልቲሞር ውስጥ በጀመረውና ብዙ በሚጠቀሰው ጥናት፣ ልጆቹ ከእረፍት በፊት የተፈተኑት በአንድ ወረቀት ነው፣ ከእረፍት መልስ ደግሞ ለሚቀጥለው ክፍል በተዘጋጀ ሌላ ወረቀት። ስለዚህ ከልዩነቱ የተወሰነው የፈተናው መቀየር ያመጣው ነው። በአዳዲስ ፈተናዎችም ሲታይ አንዱ ብዙ መርሳት ሲያሳይ ሌላው ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ፦ በትምህርት ወራት ያለው እድገት በእረፍቱ ይቀዘቅዛል። ወደ ኋላ መሄዱ ያከራክራል፣ መቀዝቀዙ አያከራክርም።

መርሳት ራሱም የሚመስለውን ያህል ጥፋት አይደለም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ሥራ ራሱን ለሙከራ ተጠቀመ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት በቃሉ ይይዛል፣ ይቆያል፣ እንደገና ይይዛል፣ ሰዓቱን ያስተያያል። መርሳቱ መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጣን ነው፤ ከዚያ ይዘገያል። ከወር በኋላ አብዛኛው ጠፍቶ ነበር። ግን እንደገና ለመያዝ የፈጀበት ጊዜ ከመጀመሪያው በአምስት አንድ እጅ ያህል አነሰ። ትርጉም የለሽ ቃል እንኳ ዱካ ይተዋል። ልጁ የተማረው ደግሞ ትርጉም ያለው ነው። ከእረፍት ሲመለስ «ክፍልፋይ? ምን ክፍልፋይ?» ያለው ልጅ ከዜሮ አይጀምርም፤ ጥቂት ሲነካካው ይመለስለታል።

ስለዚህ እረፍቱን ሁለተኛ ትምህርት ቤት ማድረግ አያስፈልግም። አንድ ወፍራም የመልመጃ መጽሐፍ ገዝቶ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹን ማስጨረስ፣ ከዚያ ሁለት ወር መርሳት፣ ከሁሉም የባሰው መንገድ ነው። ያው የፈተና ሰሞን ሽምደዳ ነው በሌላ ስም። ያንኑ ሥራ በታትኑት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ። አራት የስሌት ጥያቄ፣ ከተለያየ ዓይነት ተደባልቆ፤ አንድ መደመር፣ አንድ መቀነስ ከመበደር ጋር፣ አንድ ማባዛት፣ አንድ የቃል ጥያቄ። ሲደባለቅ ልጁ የቱን ዘዴ ልጠቀም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ገጹ ሁሉ ማባዛት ከሆነ ያን አያስብም፤ ዝም ብሎ ያባዛል።

ንባብ ላይ ደግሞ ምርጫውን ለልጁ ተዉለት። ሪቻርድ አሊንግተንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ልጆች በየእረፍቱ 12 መጽሐፍ ራሳቸው መርጠው እንዲወስዱ አደረጉ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ። በመጨረሻ የንባብ ውጤታቸው መጽሐፍ ካልተሰጣቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። ልዩነቱ ትልቅ የሚባል አይደለም፣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላስጠናቸውም። የተሰጣቸው መጽሐፍና ምርጫ ነው። ልጁ ስለ ኳስ ተጫዋች ወይም ስለ ዳይኖሰር ለሦስተኛ ጊዜ ሊያነብ ቢፈልግ «ቁም ነገር አንብብ» አትበሉት።

የቀረው ሰዓት ለጨዋታና ለእንቅልፍ ይሁን።

ትምህርት ቤት ሲከፈት

ከእረፍት መልስ ያሉት የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንታት የሚባክኑ ይመስላሉ፣ ያለፈው ስለሚከለስ። ለአብዛኞቹ ልጆች ግን ያ ክለሳ ኤቢንግሃውስ ያየውን ዱካ የሚያስመልስ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በዚያን ጊዜ አጭር ፈተና ይሰጣሉ። ይህ ፈተና ነጥቡ ባይመዘገብ ጥሩ ነው። ለመምህሩ ምን እንደቀረ ያሳየዋል፣ ልጆቹን ደግሞ ከአእምሯቸው እንዲያወጡ ያስገድዳቸዋል፣ በዚያው ያስተምራቸዋል። ዝቅተኛ ነጥብ ይዞ የመጣውን ልጅ መቆጣት እዚህ ላይ ትርጉም የለውም፤ ያለፈው ተርም 92 ምን ያህሉ ሥር እንደሰደደ ያወቃችሁት ዛሬ ነው።

አዲሱ መምህር ደግሞ ልጁን አያውቀውም። የሚደርሰው አማካይና ደረጃ ነው፣ ያውም ከደረሰው። ያቺን አራት ኤክስ ያለባትን የመቀነስ ወረቀት አስቀምጣችኋት ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይዛችሁለት ሂዱ። «መበደር ላይ ነበር የቸገረው፣ በእረፍቱ ትንሽ ሠርተንበታል» ማለት ይበቃል።